ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ

ከሚሴ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙሀመድአሚን፤

ወአለይኩም ሰላም። ሰላምታህን የመለስኩት አላህ ግዴታ ስላደረገብኝ ነው እንጂ ናፍቀኸኝ አይደለም።

ደብዳቤህን የሽንኩርት አይሱዙ የሚነዳው ቶፊቅ ጋራዤ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ሳልከፍተው ልቀደው ነበር። ፖስታው ላይ በቅባት የታተመ ጣትህን አየሁና የሞተር ነገር መሆኑ ገባኝ። ሞተር ታመመ ሲሉኝ ዝም ማለት እንደማልችል ታውቃለህና በዚያው በኩል መጣህብኝ። ብልጠትስ ድሮም አልጎደለህም፤ የጎደለህ ሌላ ነው።

በስልክ ብናወራ ይቀላል ብለሃል። ላንተ ሁሉም ነገር መቅለል አለበት። የረሳህ ከሆነ ላስታውስህ። ሚስቴን ዓዲላን በቀበርን በሰባተኛው ቀን፣ ሽማግሌ በተሰበሰበበት፣ የወንድሜን ድምፅ ዳግመኛ እንዳልሰማ፣ ድምፁ በሚሰማበት ከተማም እንዳላድር ቁርኣን ይዤ ምያለሁ። አንተ ከሚሴ ከገባህ እኔ እወጣለሁ። እኔ ከወጣሁ ደግሞ እናታችንን የሚጦራት የለም። አምስት ዓመት ዝዋይ ያስቀመጠህ ይኸው ነው። ወረቀት ድምፅ የለውምና፣ ሸኹን ጠይቄ ከመሐላው ውጭ ነው ስላሉኝ እጽፍልሃለሁ። እህታችን ነኢማ ባለፈው ረመዳን የላክኸውን የድምፅ መልእክት ጆሮዬ ሥር ልትከፍት ሞክራ ስልኳን የተቃጠለ ዘይት ባልዲ ውስጥ ከትቼባታለሁ። ሁለት ወር አኮረፈችኝ።

ወደ ጀልባ ሞተርህ እንምጣ። የማስነሻ ገመዱን መጎተት አሁኑኑ አቁም። እያለቀሰ ሄዶ ሐይቁ መካከል ቀጥ አለ ካልክ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ምን አጠጣኸው? ጨፋ ላይ እንደምናውቃቸው የመስኖ ፓምፖች ንጹሕ ቤንዚን ከሆነ ገድለኸዋል። ፓምፕ ዘይቱን ሆዱ ውስጥ ይይዛል። እንዲህ ያለው አሮጌ የጀልባ ሞተር ግን የዘይት ሆድ የለውም፤ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎለት ነው የሚጠጣው። ለአምስት ሊትር ቤንዚን ሁለት የሻይ ብርጭቆ ዘይት። አሰብ ወደብ በነበርኩ ጊዜ ከቦርከና ዳር የመጣ የፓምፕ ሰው ሁሉ በዚሁ ሲዋረድ አይቻለሁ። ሞተር ያው ሞተር ነው ይላል፤ ከዚያ ብረት ታቅፎ ይቀራል።

የሠራኸውን ሳትደብቅ ጻፍ። እናታችን ደኅና ናት፤ ዓይኗ ግን ደክሟል።

ኸይረዲን


ዝዋይ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለጋሽ ኸይረዲን፤

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ።  ስድቡን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አምስት ዓመት ሙሉ ከአንቱ አንዲት ቃል ደርሳኝ አታውቅምና፣ ስድብም ቢሆን የቤት ነው።

አፉ በሉኝ፣ እንዳሉት ነው። ንጹሕ ቤንዚን ሰጠሁት። ደሴቱ ድረስ ሰው አድርሼ ስመለስ ድምፁ ቀጠነ፣ ከዚያ ድንጋይ ያኘከ ያህል ተንኳኳና ቆመ። ተሳፋሪዎቹን በመቅዘፊያ ነው ያወጣኋቸው። አሁን ገመዱ አንድ ስንዝር አይሳብም።

ይህን ሰው አምኖ ሞተር የሰጠው ማን ነው ብለው በቶፊቅ በኩል በቃል ላኩብኝ። ባለጀልባው ሽማግሌ ናቸው። ከጨፋ መጣሁ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ፓምፕ ጠግኛለሁ ስላቸው አመኑኝ። ሁዳዴ ሳይገባ ካስነሳሁት ጀልባውን የምነዳው እኔ እሆናለሁ፤ ካልሆነ ለቁራሌው ይሰጡታል። ሰዉ ጥሩ ነው። ኦሮምኛዬን ሲሰሙ ግን ይስቃሉ፤ እናንተ አገር አማርኛና ኦሮምኛ ኒካሕ አስረዋል እንዴ ይሉኛል።

ጋሽ ኸይሩ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ሞተሩ ሰበቤ ነው። አገሬ መግባት እፈልጋለሁ። የእማ ዓይን ሳይጠፋ ፊቴን እንድታይ እፈልጋለሁ። መሐላዎን እንዲፈቱልኝ ነው የምለምነው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።

የዓዲላን ነገር ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም። ያን ዓመት የጉድጓዱ ውኃ ርቆ ፓምፑን ውስጡ በቆፈርነው እርከን ላይ አውርደነው ነበር። ነዳጅ ጨርሶ ሲጠፋ፣ ውረጂና ጨምረሽ አስነሺው ብዬ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ሰንበቴ ገበያ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ጥያት ሄድኩ። ይህን አንድም ቀን ክጄ አላውቅም። ነገር ግን የሞተር ጭስ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ሰው እንደሚጠብቅ ከመካከላችን ማን ያውቅ ነበር? ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው። እኔም ችኩል ሆኜ ተፈጥሬያለሁ፤ ከፈጠረኝ ጋር ልጣላ?

ታናሽ ወንድምዎ
ሙሀመድአሚን


ከሚሴ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙሀመድአሚን፤

ወአለይኩም ሰላም።

ከፈጠረኝ ጋር ልጣላ የምትለዋን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። አንተ አጥፍተህ አላህን ጠበቃ ታቆማለህ። ችኩልነት እንደ ዓይን ቀለም አብሮ የሚወለድ ነገር ነው የምትል ከሆነ እስቲ እንየው።

ካንዴላውን ንቀል። በቀዳዳው ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ንጹሕ ዘይት አፍስስበት። ከዚያ እጅህን ሰብስበህ ተቀመጥ። ሦስት ቀን ከነሌሊቱ። ገመድ አይነካም፣ በመዶሻ አይመታም፣ "እስቲ ልሞክረው" የሚባል ነገር የለም። ፒስተኑ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል። ዘይቱ በመካከላቸው ገብቶ እስኪያለሰልሰው ድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ቸኩለህ ከጎተትከው ይሰነጠቅና ያኔ ለቁራሌው ራስህ ተሸክመህ ታደርስለታለህ። በአራተኛው ቀን ከላይ ያለውን መዘውር በሁለት እጅህ ይዘህ ወዲያና ወዲህ አባብለው። እንቢ ካለ ዘይት ጨምርና ሌላ ሦስት ቀን።

ይህን ሞተር እኔ በምልህ መንገድ፣ አንዲት ነገር ሳትዘል ካስነሳኸው ስለ መሐላዬ እንነጋገራለን። መሐላ ከፋራ አለው፤ አሥር ሚስኪን አብልቶ የሚፈታ ነው። አንተም ይህን ታውቃለህ።

እናታችን በየጁምዓው በሩ ላይ ወጥታ ትቀመጣለች። መኪና በቆመ ቁጥር "ያ ኢልመ ኮ"፣ ልጄ ትላለች። ሰውዬው ሌላ ሆኖ ሲገኝ ይቅርታ ጠይቃ ትመለሳለች። ይህን የምጽፍልህ እንዲያምህ ብዬ ነው።

ኸይረዲን


ዝዋይ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሽ ኸይረዲን፤

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ደብዳቤዎ የዘገየብኝ መንገዱ ተዘግቶ ቶፊቅ ሸዋ ሮቢት ላይ ዘጠኝ ቀን ስለቆመ ነው። ሽንኩርቱ ግማሹ በስብሶበታል።

አሞኛል። እንዲያመኝ ከሆነ የጻፉት፣ ደርሶልዎታል።

ሦስቱን ቀን ጠበቅሁ። የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነበር። በሁለተኛው ቀን ባለጀልባው መጥተው ቆሞ ከሚውል አንድ ጊዜ ሳበው አሉኝ። እንቢ አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን ራሴን ስላላመንኩት ገመዱን ፈትቼ ለጎረቤት ሰጠሁ። አንቱ ያን ቢያዩ ይስቁ ነበር መሰለኝ። በአራተኛው ቀን መዘውሩን ያዝኩት፤ አልሄደም። ዘይት ጨምሬ ሌላ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። በሰባተኛው ቀን የጣት ስፋት ያህል ዞረ። ከዚያ እየቆየ ሙሉ ዞረ። አልጮህኩም፤ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዙሬ ትንሽ አለቀስኩ።

ቤንዚኑን እንዳሉኝ ቀላቅያለሁ። ካንዴላው ብልጭታ ይሰጣል፤ ከነሽቦው ብረቱ ላይ አስጠግቼ አይቼዋለሁ። ሞተሩ ግን አይነሳም። ሁለት ጊዜ ያስነጥስና ዝም ይላል። ካርቡራተሩ ውስጥ እንደ ማር የደረቀ ነገር አገኘሁ። ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ተደፍናለች። በሽቦ ልወጋት አስቤ ሽቦውን ካዘጋጀሁ በኋላ መልሼ አስቀመጥኩት። ሳልጠይቅዎት አልነካትም። የአንቱን መልስ እጠብቃለሁ፤ ባለጀልባው ይናደዱ እንጂ።

የዓዲላን መቃብር ማን ይጠብቀዋል?

ሙሀመድአሚን


ከሚሴ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙሀመድአሚን፤

ወአለይኩም ሰላም። የዓዲላ መቃብር አንተን አይመለከትህም። እኔ እጠብቀዋለሁ።

ሽቦውን ማስቀመጥህ ልክ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ያቺ ቀዳዳ ነሐስ ናት፣ ነሐስ ደግሞ ልስልስ ነው። ሽቦ ያሰፋታል። ከሰፋች ሞተሩ ከሚገባው በላይ ይጠጣና ይሰክራል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያስተካክለውም። ዝዋይ የጋሪ ፈረስ ሞልቷል አይደል? ከአንዱ ጭራ ሁለት ፀጉር ንቀል። ቀዳዳዋን ቤንዚን ውስጥ አንድ ቀን ዘፍዝፋት፣ ከዚያ በፈረስ ፀጉር አመላልስባት። ወደ ፀሐይ ይዘህ ስታያት ክብ ብርሃን ማየት አለብህ። ጠርዙ የተንሻፈፈ ከሆነ ቆሻሻው አልወጣም፤ መልሰህ ዘፍዝፋት።

ሁለተኛው። ከውኃ ውጭ እንዳታስነሳው። ይህንም ለምን እንደሆነ ልንገርህ። እኛ ፓምፑን ከማስነሳታችን በፊት አፉን ውኃ እንሞላዋለን፤ ይኼኛው ውኃውን በእግሩ ነው የሚጠጣው። እግሩ ውስጥ ትንሽ የጎማ ክንፍ አለች። እሷ ውኃ ወደ ላይ እየሳበች ሞተሩን ታቀዘቅዝለታለች። በደረቅ ከዞረች ወዲያው ትቃጠላለች። ስለዚህ በርሜል ሙሉ ውኃ አዘጋጅና እግሩን እዚያ ውስጥ ክተት። ሲነሳ ከጎኑ እንደ ክር የቀጠነች ውኃ ትወጣለች። ዓይንህን ከሷ ላይ አትንቀል። ከተቋረጠች አጥፋ። ሐይቁ ላይም ቢሆን እምቦጭ እግሩን ሲደፍነው መጀመሪያ የምትነግርህ እሷ ናት።

ሦስተኛው። አምስት ደቂቃ አስኪድና አጥፋው። ከዚያ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። እጅህን ራሱ ላይ አድርገህ እስከ መቶ መቁጠር ካልቻልክ ገና ነው። ተጣብቆ የተላቀቀ ፒስተን ሲሞቅ ያብጣል፤ ሳይበርድ ደግመህ ካስነሳኸው ያንኑ ቁስል ነው የምትፍቀው። ሲበርድ ደግመህ አስነሳ፣ አሥር ደቂቃ። አጥፋ፣ ጠብቅ። ስድስት ጊዜ እንዲህ ካደረግክ በኋላ ጀልባው ላይ ይውጣ።

እጄን አመመኝ። በዕድሜዬ ይህን ያህል ጽፌ አላውቅም። ነኢማ አራቱን ገጽ አይታ "ለቁርኣን ቤት ደረሳ ኪታብ እየገለበጥክ ነው እንዴ?" አለችኝ። እናታችን ያንተ ነገር መሆኑን ሰምታ ወረቀቱን ዳሰሰችው።

ኸይረዲን


ዝዋይ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ታላቅ ወንድሜ ለጋሽ ኸይሩ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ተነሳ። ተነስቷል። አልሐምዱሊላህ፣ ሺህ ጊዜ አልሐምዱሊላህ።

ፀጉሩን ከአንድ ቡላ ፈረስ ነቀልኩ፤ ባለጋሪው አብደሃል አለኝ። ቀዳዳዋን ሁለት ጊዜ ዘፈዘፍኳት፤ በመጀመሪያው ጠርዟ የተንሻፈፈ ስለነበር። በርሜሉ ላይ ገመዱን ለሦስተኛ ጊዜ ስስብ ያዘ። ሰዉ ተሰብስቦ ሲያጨበጭብ እኔ ያቺን የውኃ ክር ብቻ ነበር የማየው። በአምስት ደቂቃ አጠፋሁት። ምነው፣ ደኅና እየሄደ አይደል ወይ ብለው ተቆጡኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩና እጄን እያስነካሁ ቆጠርኩ። ሠላሳ ላይ አቃጠለኝ። ቆይቼ ስሞክር ስድሳ ደረስኩ። መቶ እስክደርስ ከዝሁር እስከ ዐስር ሶላት ሄደ። ስድስቱንም ጊዜ እንዲሁ አደረግሁ። አንዲት አልዘለልኩም፤ ወላሂ።

ትናንት ደሴቱ ደርሼ ተመለስኩ። ባለጀልባው ጎኔ ተቀምጠው ነበር፤ ስንደርስ ጀልባውን የምትነዳው አንተ ነህ አሉኝ። እኔ ግን ልቤ እዚያ አይደለም። ጀልባውን የሚነዳ ሰው አሠልጥኜላቸው እወጣለሁ።

ልብሴን አጥቤ አስሬያለሁ። ቶፊቅ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ማክሰኞ ይጭናል። ከአንቱ መልስ ሳይመጣ አልሳፈርም፤ መጠበቅ እችላለሁ። ብቻ ጾሙን ከእማ ጋር እንድይዝ ቢፈቅዱልኝ። ቤት ባልገባም ግድ የለኝም፤ ነኢማ ጋ አድራለሁ። አንቱ ፊት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምናገረው።

ሙሀመድአሚን


ከሚሴ፣ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙሀመድአሚን፤

ወአለይኩም ሰላም።

ሞተሩ መዳኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ለሞተሩ።

አትምጣ። ቶፊቅ መልስ ሳይዝ፣ አንተንም ሳይጭን ያለፈህ እኔ ስለከለከልኩት ነው። ሚስኪን አላበላሁም፣ አላበላምም። ስለ መሐላዬ እንነጋገራለን አልኩህ እንጂ እፈታለሁ አላልኩም። ይኸው እየተነጋገርን ነው።

አምስት ወር ለምን እንደደከምኩብህ ልንገርህ። ችኩል ሆኜ ተፈጥሬያለሁ ብለህ ጻፍክልኝ። ገባኝ። ያቺን ቃል እንደ ብርድ ልብስ ተከናንበህ አምስት ዓመት ሞቆህ ኖረሃል። የእኔ አልጋ ግን ግማሹ ባዶ ነው። ስለዚህ ልገፍፍህ ወሰንኩ። ብሳደብ አትገፈፍም፣ ስድብ ለምደሃል። በገዛ እጅህ እንድትገፍፈው አደረግሁ።

ለአሮጌ ብረት ሰባት ቀን ጠበቅህ። ገመዱን ለጎረቤት ሰጥተህ ጠበቅህ። እጅህ እየተቃጠለ ከዝሁር እስከ ዐስር ቆጠርክ። ለዓዲላ ግማሽ ቀን አልጠበቅህም። ሞተር የጠፋበት ጉድጓድ ግማሽ ቀን ይተዋል፤ ሽታው ይጠፋና መርዙ ታች ይተኛል። ይህን እኔ ከአሰብ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ እዚያ በጀልባ ሆድ ውስጥ ስንት ሰው አውጥተናል። ግማሽ ቀን ነበር የሚያስፈልጋት። ሰንበቴ ገበያ በሳምንቱ ደግሞ ይቆማል።

መጠበቅ የማይችል ሰው ቢገድላት ኖሮ አንድ ቀን ይቅር እለው ይሆናል። መጠበቅ የሚችል ሰው እንደሆነ አሁን እኔም አንተም እናውቃለን። ያን ሞተር ባጠፋህና እስኪቀዘቅዝ አጠገቡ በተቀመጥክ ቁጥር ይህን እያሰብክ ቁጠር።

እናታችን መቼ ይመጣል ብላ ጠየቀችኝ። አይመጣም አልኳት። ጾሟን በእንባ ፈታች።

ኸይረዲን


ዝዋይ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሽ ኸይረዲን፤

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ዒድ ሙባረክ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ዒዱ እስኪያልፍ ሳልመልስ ቆየሁ። ልብሴን ፈትቼ መልሼ ሰቅዬዋለሁ፤ ከሚሴ አልመጣም። መሐላዎ እንዳለ ይቆይ። ለእማ ሌላ ሰው ይንገርልኝ፣ ነኢማ ብትነግራት ይሻላል።

ልክ ነዎት። መጠበቅ እችል ነበር። በርሜሉ አጠገብ ተቀምጬ ስቆጥር አንቱ ሳይጽፉልኝ ገብቶኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሞተሩ ተነሳ ብሎ ሲጨፍር እኔ ለምን አብሬ እንዳልጨፈርኩ የገባው የለም። ስለዚህ ሊገፍፉኝ የፈለጉት ተገፍፏል፤ ድካምዎ ከንቱ አልቀረም።

ነገር ግን ደብዳቤዎ ውስጥ የማላውቀው ነገር አገኘሁ። ጉድጓዱ ግማሽ ቀን እንደሚተው ከአሰብ ጀምሮ ያውቁ ነበር። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ ከመካከላችን ማንም አያውቅም ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት። አንቱም እንደ እኔ ከሞቷ በኋላ የሰሙት ይመስለኝ ነበር። እርከኑን የቆፈርነው ሦስታችን ነን፤ አንቱ፣ እኔና ዓዲላ። ፓምፑን ስናወርድ አንዱን ገመድ የያዙት አንቱ ነዎት። ያን ቀን ስለ ጭሱ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ በፊትም አልተናገሩም።

አሥራ ሁለት ዓመት ጋራዥዎ ውስጥ ሠራሁ። ለምን ባልኩ ቁጥር ዓይን የለህም ወይ ይሉኝ ነበር። ስሳሳት መፍቻውን ከእጄ ነጥቀው ራስዎ ይጨርሱታል። ሙያ ይሰረቃል እንጂ አይሰጥም ይሉ ነበር። ዓዲላም አንድ ቀን ስለ ፓምፑ ብትጠይቅዎ "አንቺ ምን ያገባሻል፣ የሚሉሽን አድርጊ" ሲሏት ሰምቻለሁ። እኔም ማስረዳት የማይሆንልዎት ሰው ናቸው፣ እንዲህ ሆነው ተፈጥረዋል ብዬ ተውኩት።

ይኸው አሁን ስለ አንዲት የነሐስ ቀዳዳ፣ ስለ ፈረስ ጭራና ስለ በርሜል፣ ለምን እንደሆነ ልንገርህ እያሉ አራት ገጽ ጻፉልኝ። እንኳን እኔ፣ ምንም የማያውቅ ሰው በዚያ ወረቀት ሞተር ያስነሳል። እጅዎን እስኪያምዎት ድረስ ለአንድ አሮጌ ብረት አስረዱ። ስለ ጉድጓዱ ግን አንዲት መስመር ነበረች የምትበቃው። ለእኔ ባይሉ ለሷ።

ለኔ የጻፉትን ለራስዎ ደግመው ያንብቡት። አንቱም ይችሉ ነበር።

ሙሀመድአሚን